ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል በመኪና፦ የትኛው ዋይነሪ ላይ እንቁም?

መንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ ሲያትል ሥራ አግኝታ ልንዛወር ነው። ዕቃችንን በጭነት እንልካለን፣ እኛ ግን በራሳችን መኪና ለመሄድ ወስነናል። እንቁጣጣሽን እዚህ ከዘመድ ጋር አሳልፈን፣ መስከረም እንደገባ እንነሳለን። የሚያስቸኩለን ነገር የለም።

ሁለታችንም ወይን እንወዳለን፤ እውቀታችን ግን ብዙ አይደለም። አገር ቤት ሳለን ባቱ ሄደን የካስቴልን የወይን እርሻ አይተን ነበር። ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ እንደተቆፈረለት የነገሩንን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። የቀመስነው ወይን የትኛው እንደነበረ ግን አናስታውስም። የምንፈልገው እንደዚያ ያለ፣ ቆይቶም የሚወራ ቦታ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። አገር ስታቋርጡ በመንገድ ላይ ቆማችሁ ካያችኋቸው ዋይነሪዎች (የወይን መጥመቂያዎች) ከልባችሁ ያልወጣው የቱ ነው? ለምን?

አንድ ነገር ልጨምር። የባለቤቴ እናት አብረውን ናቸው። አልኮል አይቀምሱም። ድሬዳዋ ሳሉ ግን ግቢያቸው ውስጥ የወይን ሐረግ ነበራቸው፣ ስለ ተክል ማውራት ይወዳሉ። እኛ ስንቀምስ እሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው እንዲጠብቁን አልፈልግም።

የቻርለትስቪሉ

ወንድሜ፣ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና በቀጥታ ወደ ምዕራብ ከምትወጡ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ውረዱና 64ን ያዙ። ሌክሲንግተንንና ሉዊቪልን አሳልፎ ሴንት ሉዊስ ያደርሳችኋል። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ባርበርስቪልን ታገኛላችሁ።

ባርበርስቪል ቪንያርድስ ግቢ ውስጥ የተቃጠለ ቤት አለ። የቨርጂኒያ ገዥ የነበረው የጄምስ ባርበር ቤት ነው። ንድፉን ያወጣለት ወዳጁ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ነበር። በ1884 በፈረንጆች ገና ዕለት ተቃጠለ፣ ከዚያ ወዲህ አልታደሰም። የጡብ ግድግዳውና ዓምዶቹ ሰማይ ሥር ቆመዋል፣ ወይኑ ከዚያ ወዲያ ኮረብታውን ይዞ ይወርዳል። በ1976 መሬቱን የገዙት ዞኒን የሚባሉ ጣልያናዊ ወይን ጠማቂ ቤተሰቦች ናቸው። ኦክታጎን የሚሉት ቀይ ወይናቸው በፈረሰው ቤት ስምንት ማዕዘን ክፍል ነው የተሰየመው። እሱን ሳትቀምሱ እንዳትወጡ።

ጄፈርሰን ራሱ እዚያው ቅርብ ሞንቲሴሎ በሚባለው ርስቱ ላይ ከ1774 ጀምሮ ወይን ለማብቀል ብዙ ታግሏል። ፊሊፖ ማዜይ የሚባል ጣልያናዊም አግዞታል። ከራሱ ማሳ ወይን አንድ ጠርሙስ ሳይሞላ ሞተ። ያንን እያሰቡ ዛሬ ያንን ኮረብታ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እማማ በፍርስራሹ ዙሪያ ይዘዋወሩ። ለእሳቸው የሚሆን ሰፊ ቦታ ነው።

ትራቭል ነርሷ

እኔ ትራቭል ነርስ ነኝ። አንዱ ሆስፒታል ኮንትራቴ ሲያልቅ ሻንጣዬን መኪና ላይ ጭኜ ወደሚቀጥለው ስቴት እነዳለሁ። ይህችን አገር ከመንገዷ ነው የማውቃት።

ዋይነሪ ላይ መቆም የጀመርኩት ወይን አዋቂ ሆኜ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስነዳ ውዬ ከሰው ጋር ረጋ ብዬ የማወራበት ቦታ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ትንሽ ዋይነሪ ውስጥ የሚቀዳላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ያመረተው ወይም የአምራቹ ቤተሰብ ነው። እንድትጠይቁት ይፈልጋል። ካልጠየቃችሁት ቅር ይለዋል።

የትም ብሄድ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «በክልከላው ዘመን እዚህ ቦታ ምን ነበር?» ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ነበር። የወይን ተክል ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ታዲያ ያን ያህል ዘመን ገበያ ሲጠፋ ስንቱ ገበሬ ነቅሎ ሌላ ተከለ። ሙያውም ከእጅ ወጣ። ዛሬ የምታዩት ዋይነሪ ሁሉ ወይ ከዚያ የተረፈ ነው ወይ ከዚያ በኋላ የተነሳ ነው። መልሱ በየቦታው ይለያያል፣ ጉብኝቴን የማስታውሰውም በመልሱ ነው።

ከሁሉም ከልቤ ያልወጣው ሄርማን፣ ሚዙሪ ነው። ከሴንት ሉዊስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ፣ ከ70 ወርዳችሁ በ19 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ሚዙሪ ወንዝን በድልድይ ስትሻገሩ ከተማዋ ማዶ ናት። በ1837 ከፊላደልፊያ የመጡ ጀርመኖች የቆረቆሯት ናት። መሬቱ አቀበትና ቁልቁለት ሆኖ ለእህል አልመች ሲላቸው ወደ ወይን ዞሩ። ወይን ለሚተክል ሰው ከተማው ራሱ ቦታ በ50 ዶላር ያለ ወለድ ይሸጥ ነበር።

ስቶን ሂል የተባለው ዋይነሪ ኮረብታው አናት ላይ ነው። የተመሠረተው በ1847 ነው። እኔ የደረስኩት ማክሰኞ ጠዋት ነበር፣ ጎብኚ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያስጎበኙኝ ሴት በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ገና ሳንጀምር ሹራብ ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ውጭው ሸሚዝ ከገላ የሚያጣብቅ ሙቀት ነው፤ ለምን እንደጠየቁኝ ደረጃውን ስንወርድ ገባኝ። ምድር ቤቱ በድንጋይ ቅስት የተሠራ ነው። አንዱን ክፍል አልፋችሁ ሌላው ይቀጥላል። ግድግዳውን ስነካው እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው።

«እንጉዳይ» አሉኝ።

ከክልከላው በፊት ስቶን ሂል ከአገሪቱ ትልልቅ ዋይነሪዎች አንዱ ነበር። ሕጉ ሲመጣ ወይኑ ቆመና ያ ሁሉ ምድር ቤት የእንጉዳይ ማብቀያ ሆነ። ጨለማው፣ ቅዝቃዜው፣ እርጥበቱ ተስማማው። ሕጉ ከተነሳ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚያው ቀጠለ። ወይን የተመለሰው በ1965 ነው። ጂምና ቤቲ ሄልድ የሚባሉ ባልና ሚስት ገበሬዎች ከልጆቻቸው ጋር ገብተው እንደገና ጠመቃ ጀመሩ። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። እኔም በሰው ታሪክ እንባዬ መጣ።

እዚያ የምትቀምሱት ኖርተን የሚባል ቀይ ወይን ነው። ከአውሮፓ የመጣ አይደለም፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ሪችመንድ የተገኘ የአሜሪካ ወይን ነው። ሚዙሪ የስቴቱ ወይን አድርጋ አውጃዋለች። ጥቁር ነው፣ ጥርስ ያጠቁራል፣ ኮምጠጥ ይላል። ለስላሳ ወይን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። ከሥጋ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ነው። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ ከቀይ ወጥ ጋር ጠጥቼዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ለበዓል ሌላ ቀይ ወይን አልገዛም።

የቻርለትስቪሉ ወንድማችን የጄፈርሰንን ነገር አንስቷል። የሱ ወይን ያልሆነበት አንዱ ምክንያት በአውሮፓ ወይን ሥር ላይ የሚጣበቅ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው ይባላል። የአሜሪካ ወይን ግን ተላምዶታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያው ተባይ ፈረንሳይ ገብቶ እርሻውን ሲጨርሰው መድኃኒቱ የተገኘው የአውሮፓን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማዳቀል ነው። ከዚያ ሥር ብዙው የተላከው ከሚዙሪ ነው። ሄርማን ጆርጅ ሁስማን የሚባል የወይን ሊቅ ያደገባት ከተማ ናት፣ በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የፓሪስ ሰው ዛሬ ቦርዶ ሲጠጣ ከሥሩ ይቺን አገር እየጠጣ ነው። ይህን እማማ ይወዱታል። ማዳቀልን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው ቦታዬ ፓሊሴድ፣ ኮሎራዶ ነው። ከዴንቨር በ70 አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ግሌንዉድ ካንየንን ስታልፉ በቀን ይሁን፣ በማታ እንዳታልፉት። ፓሊሴድ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ደረቅ፣ ቀኑ ሐሩር፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ወይኑ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጣፋጭ ሆኖም ኮምጣጣነቱን አያጣም። ከካንየኑ አፍ የሚወጣ ነፋስም አለ፣ ውርጭ እንዳይመታቸው ይከላከልላቸዋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ2020 ጥቅምት የወረደው ድንገተኛ ውርጭ ብዙ ሐረግ ገድሎባቸዋል።

ጥያቄዬን ስጠይቅ መልሱ «ኮክ» ነበር። ወይኑ ተነቅሎ ኮክ ተተከለ። ከተማዋ እስከ ዛሬ በኮክ ትታወቃለች። መስከረም ላይ የመጨረሻው ኮክ ይገኝ ይሆናል።

እዚያ አንድ ትንሽ ዋይነሪ ጓሮ፣ ለቀማ ላይ ደረስኩ። ባለቤቱ ከዘለላው አንድ ፍሬ ቀንጥሶ ሰጠኝና ዘሩን እንዳልተፋው፣ እንዳኝከው ነገረኝ። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነና ምላስ ከያዘ አልደረሰም። ቡናማ ሆኖ ከጥርስ ሥር ቀጭ ካለ ደርሷል። ከዚያ ጭማቂውን ትንሽ መነጽር የመሰለ መሣሪያ ላይ አንጠባጥቦ ወደ ፀሐይ አዙሮ ስኳሩን አሳየኝ። ውስጥ ስንገባ ገንዳዎቹ ላይ የወይኑ ቆዳ ተንሳፍፎ ይፈላል። ሽታው ልክ እንደ ጉሽ ጠላ ነበር። ያን ሰዓት ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ቆዳው እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በእንጨት ወደ ታች ይጫናል። ልሞክር አልኩት፣ ሰጠኝ። ክብደቱ ይገርማል።

ናፓን ለዚህ ጉዞ አልመክርም። ወይኑ ድንቅ ነው፣ ያንን አልክድም። ግን ከመንገዳችሁ ይርቃል፣ ብዙ ቦታ ለመቅመስ ብቻ ለአንድ ሰው 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፈላል። አንድ ቦታ ላይ ሰዓታችሁ አልቋል ብለው ከወንበሬ አስነስተውኛል። ሌላ ጊዜ፣ ለሱ ብላችሁ ሂዱ።

የኦሬንጅ ካውንቲው

በመንገዳችሁ ላይ አይደለም፤ ግን የእህታችንን ጥያቄ ሳነብ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ዋሽንግተንቪል፣ ኒው ዮርክ ብራዘርሁድ የሚባል ዋይነሪ አለ። ከ1839 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሠራል፣ የአገሪቱ አንጋፋ ነው። በክልከላው ዘመን የተረፈው ለቅዳሴ የሚሆን ወይን በመሥራት ነው። ሕጉ የቤተ ክርስቲያንን ወይን አይከለክልም ነበር።

አሁን ደግሞ እዚያው ሳባ ጠጅ ይጠመቃል። አዎ፣ እኛው ምግብ ቤት የምናዝዘው በጠርሙስ ያለው ሳባ ጠጅ። ከድንጋይ ምድር ቤታቸው ወጥቼ መደርደሪያ ላይ ሳየው ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው።

መንገደኛው

እግዚአብሔር ይስጥልን። 64ን ይዘን ባርበርስቪልና ሄርማን ላይ ልንቆም ተስማምተናል። የእንጉዳዩን ታሪክ ለእማማ አነበብኩላቸው። «እኔንማ ያንን ምድር ቤት ሳታሳዩኝ አትለፉ» ብለዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሚነዳው ሰው እንዴት ነው የሚቀምሰው? የገዛነውን ጠርሙስስ በዚያ ሙቀት እንዴት ሲያትል እናደርሰዋለን?

ትራቭል ነርሷ

የሚነዳው ሰው መዋጥ የለበትም። በየጠረጴዛው የመትፊያ ዕቃ አለ። ይቀምሳል፣ አፉ ውስጥ ያገላብጣል፣ ይተፋል። እዚያ ነውር አይደለም፣ ወይን አዋቂዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። እኔ መንገድ ላይ ስሆን ጠብታ አልውጥም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው በዚህ ነገር አይደራደርም። ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚያው ከተማ ማደር ነው። ሄርማን አሮጌ የጀርመን ቤቶች ማደሪያ ሆነዋል። በእግራችሁ ሄዳችሁ በእግራችሁ ትመለሳላችሁ።

ጠርሙሱን መኪናው ኋላ ላይ አትተዉት። የቆመ መኪና በፀሐይ ምድጃ ይሆናል፣ ወይኑ ተስፋፍቶ ቡሹን ይገፋዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። የበረዶ ሳጥን ግዙ፣ በረዶ ባይኖረውም ሙቀቱን ያዘገያል። ማታ ማታ ሆቴል ክፍላችሁ አስገቡት። የተከፈተ ጠርሙስ ካለ ግን ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ እንዳይሆን፣ ብዙ ስቴት ላይ ያስቀጣል።

ለእማማ አስቀድማችሁ ደውሉና «የማይጠጡ እናት ይዘናል፣ እርሻውን ማየት ይፈልጋሉ» በሉ። ትንንሾቹ ቦታዎች ደስ ይላቸዋል። አንዳንዶቹ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ያቀርባሉ። ቅዳሜን ተዉት፣ በአዘቦት ቀን ሂዱ። ቅዳሜ ማንም ሰው ቆሞ አያወራችሁም።

የሲያትሏ

እንኳን ወደኛ መጣችሁ። የመጨረሻውን ክፍል እኔ ልምራችሁ።

ከፓሊሴድ በዩታና በአይዳሆ አድርጋችሁ ኦሪገን ስትገቡ፣ ፔንድልተን ላይ 84ን ልቀቁና በ11 ቁጥር ወደ ዋላ ዋላ ውጡ። ከመድረሳችሁ በፊት ሚልተን ፍሪዋተር ላይ ዘ ሮክስ የሚሉት ሰፈር አለ። ወይኑ የተተከለው አፈር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው የሚመስለው። ወንዝ ያመጣው ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ሙቀቱን ለዘለላው ይመልሳል። ክሪስቶፍ ባሮን የሚባል ፈረንሳዊ በ1997 እዚያ ሲተክል ጎረቤት ሁሉ በድንጋይ ላይ ምን ሊበቅል ነው ብሎ ነበር። በ2015 ቦታው በመንግሥት ዕውቅና ያገኘ የወይን አካባቢ ሆነ። እማማን እዚያ አውርዷቸው።

ከዋላ ዋላ በ12 ቁጥር ወደ ምዕራብ ስትወጡ ሎውደን ላይ ሌኮል ቁጥር 41 አለ። መንገዱ ዳር ነው፣ አያመልጣችሁም። ለትራቭል ነርሷ ጥያቄ መልሱ እዚያ «ትምህርት ቤት» ነው። ሕንፃው በ1915 የተሠራ የገጠር ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው፣ የ41ኛው ወረዳ ትምህርት ቤት። ዋይነሪ የሆነው በ1983 ነው። የሚቀመሰው ክፍል ውስጥ ነው። ሜርሎ የሚባል ቀይና ሴሚዮን የሚባል ነጭ ወይን አላቸው፣ ሴሚዮኑን ቅመሱ።

ከዚያ በ82 ያኪማን ታልፋላችሁ። የአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያ ነው። ለቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ተክል ማለት ነው። በረጃጅም ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ ለቀማው ገና አይጠናቀቅም። የመኪናውን መስኮት ክፈቱና እማማ ያሽትቱት።

ከያኪማ ሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስኖኳልሚ ማለፊያ ላይ ዝናብ ሊጠብቃችሁ ይችላል፣ ጎማችሁን አስቀድማችሁ አሳዩ። ስትደርሱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቼሪ ስትሪት ላይ ቡና እጋብዛችኋለሁ።